ጀልባውን ለመመለሻው መንገድ ይምረጡት

ጥያቄ፦ የተከበሩ የዓምዱ አዘጋጅ፣ የምኖረው በቨርጂኒያ ግዛት በኖርፎክ ከተማ ነው። ላለፉት በርካታ ዓመታት በየበጋው ወደ ሰሜን ካሮላይና እየወረድኩ፣ ኦሪገን ኢንሌት ከተባለው የባሕር መተላለፊያ በሚነሱ የኪራይ ጀልባዎች ቱናና ማርሊን የተባሉ ትልልቅ ዓሦች አጠምዳለሁ። የራሴ የምለው ጀልባ ግን 24 ጫማ ብቻ ነው። በቅርቡ ከባልንጀራዬ ጋር በሽርክና የያዝናቸውን የቤንዚን ማደያዎች ሸጠን፣ በልካችን የሚሠራ 57 ጫማ የጥልቅ ባሕር ዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ለማዘዝ አስበናል። በዚያው በሰሜን ካሮላይና፣ በዋንቺዝ የሚገኝ አንድ ሠሪ ወረፋው ሁለት ዓመት መሆኑን ነግሮን፣ ቦታ ለመያዝ እስከ ወሩ መጨረሻ ቀብድ እንድንከፍል ጠይቆናል። ፍሎሪዳ ውስጥ ደግሞ ተመሳሳይ ርዝመት ያለው፣ በፋብሪካ በተከታታይ ከሚመረቱት አንዱ የሆነ የፋይበርግላስ ጀልባ ወዲያውኑ ማግኘት እንችላለን። ባልንጀራዬ እያንዳንዳቸው 1,900 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮችና ረጅም ማማ ይፈልጋል። ባለቤቴ እንጨት ይበሰብሳል፣ ጀልባው ሳያልቅ ገንዘባችሁ ያልቃል ትላለች። አልፎ አልፎ እንግዳ በክፍያ የማውጣት ሐሳብም አለን። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ የተከበሩ ጠያቂያችን፣ በደብዳቤዎ ርዝመቱን፣ የሞተሩን ጉልበት፣ ማማውንና የቀብዱን ቀን ገልጸውልናል። ጀልባው በየትኛው ሰዓትና በምን ዓይነት ባሕር ላይ እንደሚፈተን ግን አልጻፉልንም። በእኔ እምነት ምርጫው መጀመር ያለበት ከዚያ ነው። ማለዳ ላይ ባሕሩ ሲረጋ ከወደብ የሚወጣ ጀልባ ሁሉ ጥሩ ጀልባ ይመስላል። የእርስዎ ጀልባ የሚፈተነው ከሰዓት በኋላ፣ ነፋሱ ከተነሣ በኋላ፣ ሰው ሁሉ ደክሞ፣ ማዕበሉ ከኋላ እየገፋ ወደ መግቢያው ስትመለሱ ነው። ስለ ቀፎው (ማለትም ስለ ጀልባው ገላ) ቅርጽ፣ ስለ ሞተሩ፣ ስለ ነዳጁና ስለ ማማው የምሰጥዎት ምክር ሁሉ ከዚህ የመመለሻ ሰዓት የተነሣ ስለሆነ፣ ከባልንጀራዎ ጋር ስትነጋገሩም በዚሁ እንድትጀምሩ እለምናችኋለሁ።

የምትጠቀሙበት መተላለፊያ እንደ ሌላው አይደለም። ኦሪገን ኢንሌት የተከፈተው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1846 የደረሰ ከባድ አውሎ ነፋስ የአሸዋውን ደሴት ሰንጥቆ ባለፈ ጊዜ ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ አሸዋው ረግቶ አያውቅም፤ መተላለፊያው ራሱ በጊዜ ብዛት ወደ ደቡብ ተንሸራቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተከፈተው አዲሱ ድልድይ ከሥሩ ጀልባ ማሳለፍ የሚችሉ ሰፋፊ ክፍተቶች በብዛት የተሠሩለትም፣ ጥልቁ መስመር ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ ስለሚሆን ነው። ከመተላለፊያው ውጭ ያለው የአሸዋ ክምር ጥልቀቱ ትንሽ በመሆኑ፣ ከውቅያኖስ የሚመጣው ማዕበል ባሕሩ በሚጎድልበት ሰዓት ከመተላለፊያው በሚወጣው ወራጅ ውሃ ላይ ሲያርፍ አጥሮና ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ይሰበራልም። ከዚያ አልፎ 30 ወይም 40 የባሕር ማይል ያህል ሲኬድ፣ ሞቃቱ የገልፍ ስትሪም ጅረት ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየተመመ ይገኛል። ቱናውንና ማርሊኑን ወደዚያ የሚስበው ይኸው ጅረት ነው፤ ከሰሜን ምሥራቅ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ግን ነፋሱና ጅረቱ ፊት ለፊት ይጋጠሙና፣ በተራ ቀን የሚቻለው ባሕር ገደላ ገደል ይሆናል። አካባቢው ‘የአትላንቲክ መቃብር’ የተባለው በከንቱ አይደለም።

የአካባቢው ሠሪዎች ቅርጽ የተወለደው ከዚህ ባሕር ነው። ኤርናል ፎስተር የተባለው የሐተራስ ሰው እ.ኤ.አ. በ1937 ‘አልባትሮስ’ የተባለችውን ጀልባ ይዞ በገልፍ ስትሪም ላይ እንግዳ እያወጣ የማጥመድ ሥራ ከጀመረ ወዲህ፣ በዚያ ባሕር ዳርቻ ጀልባ የሚሠሩትና ጀልባ የሚነዱት ሰዎች ብዙ ጊዜ አንድ ናቸው። ክረምት ላይ ሠርተው በበጋ በዚያው ጀልባ ወደ ባሕር የሚወጡ ነበሩ። ስለዚህ የፊቱ ስለት፣ ከላይ ወደ ውጭ ሰፍቶ የሚከፈተው የፊት ጎን፣ ወደ ኋላ እየተኛ፣ ማለትም ጠፍጣፋ እየሆነ የሚሄደው ከሥር ያለው ሆድ፣ ሁሉም በልምድ የተቀረጹ ናቸው። የፊቱ ስለት ቀጥ ያለውን ማዕበል ይሰነጥቃል፤ የሰፋው ጎን የተሰነጠቀውን ውሃ ከመርከበኛው ላይ ያርቃል፤ የተኛው የኋላ ሆድ ደግሞ ጀልባው ቆሞም ሆነ ዓሣ እየጎተተ በዝግታ ሲሄድ እንዳይወዛወዝ ያደርገዋል።

ከዚህ የተለየው ሌላኛው መንገድ ከኋላም ጭምር በጥልቅ የተቆረጠ፣ ከአግድም መስመር 24 ዲግሪ ያህል ማዕዘን ያለው፣ የV ቅርጽ የያዘ ሆድ ነው። ይህን ቅርጽ ሬይመንድ ሃንት የተባለው ነዳፊ ያዘጋጀው ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1960 በተደረገው የማያሚ–ናሳው ውድድር ከታየ በኋላ በመላው ዓለም ተሠራጭቷል። ከፊት የሚመጣውን ማዕበል ሲመታ ለስላሳ ነው። ነገር ግን ቆሞ ሲጠብቅ ይንከባለላል፣ ለተመሳሳይ ፍጥነትም የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። የካሮላይናዎቹ ሠሪዎች አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱ መካከል ይቆማሉ፤ የኋላው ማዕዘን ከ10 እስከ 18 ዲግሪ ባለው ውስጥ ነው። ቁጥሩ ብቻውን ግን ብዙ አይነግርዎትም፤ ሁለት ሠሪዎች በአንድ ማዕዘን ሁለት ፍጹም የተለያዩ ጀልባዎች ሊያወጡ ይችላሉ።

ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው ነገር እዚህ ላይ ነው። ወደብ ላይ ቆሞ ጀልባ የሚመለከት ሰው ዓይኑን የሚስበው የፊቱ ስለትና የጎኑ ስፋት ነው፤ ሥዕሉም የሚነሣው ከፊት ነው። ከኋላ የሚገፋ ማዕበል ባለበት ባሕር ግን ያው ውበት ሊጎዳ ይችላል። የፊቱ ሥር እጅግ ጥልቅና ስለታም ከሆነ፣ ጀልባው ከማዕበሉ አናት ቁልቁል ሲወርድ አፍንጫው ውሃውን ይነክስና ራሱ መሪ ይሆናል፤ የኋላው ክፍል በማዕበሉ ተገፍቶ ወደ ጎን ይዞራል፤ ካፒቴኑ በጊዜ ካልያዘው ጀልባው ጎኑን ለማዕበል ይሰጣል። ይህን የሚከላከሉት ነገሮች በፎቶግራፍ አይታዩም። የፊቱ ሥር ልከኛ ጥልቀት፣ ከፊት በቂ የመንሳፈፍ ኃይል፣ ከኋላ ያልበዛ ስፋት፣ በተለይም ደግሞ በዝግታ ሲኬድ እንኳን የሚታዘዝ ሰፊ የውሃ ውስጥ መሪ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሠሪ በፍጥነቱ ላይ አንድ ኖት (በሰዓት አንድ የባሕር ማይል) ለመጨመር ሲል የመሪውን ስፋት ይቀንሳል። የእርስዎን መተላለፊያ ለሚጠቀም ሰው ይህ መጥፎ ልውውጥ ነው፤ በውልዎ ላይ የመሪው ስፋት እንዲጻፍ ይጠይቁ።

ስለዚህ ማንኛውንም ነገር ከመወሰንዎ በፊት፣ ሠሪው ከዚህ ቀደም በዚያው የሆድ ቅርጽ በሠራው ጀልባ ላይ ወጥተው መመለስ አለብዎት። በረጋ ቀን የሚደረግ ሙከራ ብዙም አያስተምርም። ነፋሱ 20 ኖት ገደማ በሆነበት ቀን ይጠይቁ፤ ካፒቴኑ ማዕበሉን ከኋላ ይዞ ከ10 እስከ 14 ኖት ባለው ፍጥነት ሲሄድ፣ መሪውን በምን ያህል ጥድፊያ እንደሚያዞር እጁን ይመልከቱ። ከዚያም ሰያፍ ሆኖ ከኋላ የሚመጣውን ማዕበል ይዞ እንዲሄድ፣ በመጨረሻም ዓሣ እንደሚከተል ሆኖ ወደ ኋላ በማዕበሉ ላይ እንዲነዳ ይለምኑት። ወደ ኋላ ሲነዳ ማጥመጃው ወለል ላይ የሚገባው ውሃ በስንት ጊዜ እንደሚወጣ፣ የሞተሩን ክፍል መክፈቻ ያልፍ እንደሆነም ይዩ። ይህን ሙከራ የማይፈቅድ ሠሪ ካለ፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢማርክ ይለፉት።

አሁን ወደ ባልንጀራዎ ሞተር ልምጣ። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተር በሰዓት አንድ ጋሎን አቃጥሎ የሚሰጠው ጉልበት በግምት 20 የፈረስ ጉልበት ነው። እያንዳንዳቸው 1,550 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ሁለት ሞተሮች በሦስት አራተኛ ጉልበታቸው ሲሠሩ 116 ጋሎን ያህል በሰዓት ይፈጃሉ፤ የ1,900ዎቹ ደግሞ 142 ጋሎን ያህል። የመጀመሪያዎቹ ይህን መሰሉን ጀልባ በ30 ኖት፣ ሁለተኞቹ በ35 ኖት ይነዱታል ብለን እንያዝ። ማጥመጃው ቦታ 40 የባሕር ማይል ርቆ ከሆነ፣ ቀርፋፋው ጀልባ በ80 ደቂቃ፣ ፈጣኑ በ69 ደቂቃ ይደርሳል። ፈጣኑ ቶሎ ስለሚደርስ ለደርሶ መልሱ የሚፈጀው ነዳጅ በመቶ ጥቂት ብቻ ይበልጣል፤ ስለዚህ የባልንጀራዎ ምርጫ በነዳጅ ብቻ ሊነቀፍ አይችልም። ጥያቄው ለ11 ደቂቃ ሲባል የሚከፈለው የግዢ ዋጋ፣ የጥገና ወጪና የሞተሩ ክፍል ጥበት ይገባዋል ወይ የሚለው ነው። ከዚያም በላይ፣ ነፋሱ በበረታ ቀን ሁለቱም ጀልባዎች ጉልበታቸውን ቀንሰው በ18 ወይም በ20 ኖት ይመለሳሉ፤ ያን ቀን የተረፈው ጉልበት የሚያገለግል ነገር የለም።

የገንዘብ ሽልማት ባለበት የማርሊን ውድድር ላይ ለመሳተፍ ካሰባችሁ፣ ቀድሞ የሚደርስ ቦታውን ይይዛልና ባልንጀራዎ የሚከራከርበት ምክንያት ይኖረዋል። ከእንግዳና ከቤተሰብ ጋር ለሚወጣ ሰው ግን እኔ ትንሾቹን ሞተሮች እመርጣለሁ፤ በተረፈው ቦታም በሁለቱም ጎን ሰው ተንበርክኮ የሚሠራበት የሞተር ክፍል አስደርጋለሁ። ሞተሩ በሥራ ላይ እንዳለ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚቀየር ጥንድ የነዳጅ ማጣሪያ፣ እጅ በቀላሉ የሚደርስበት የባሕር ውሃ ማጣሪያ፣ እሳት ሲነሣ በራሱ የሚሠራ ማጥፊያ፣ እነዚህ በመተላለፊያው አፍ ላይ ሞተር ከሚጠፋበት ቀን ያድኑዎታል።

ነዳጁም ክብደት ነው። አንድ ጋሎን ናፍጣ ሰባት ፓውንድ ይመዝናል። ከላይ ባለው ስሌት መሠረት ለደርሶ መልሱ 310 ጋሎን፣ ቀኑን ሙሉ በዝግታ ለማጥመድ ደግሞ 100 ጋሎን ያህል ቢፈጁ፣ አንድ ሦስተኛውን ለክፉ ቀን አስቀርቶ ለመውጣት 620 ጋሎን ያህል ይበቃዎታል። ታዲያ 1,500 ጋሎን የሚይዝ ታንክ ለምን? ሰዎች ትልቅ ታንክ ካላቸው ይሞሉታል፤ 500 ጋሎን ትርፍ ማለት 3,500 ፓውንድ ነው፤ ይህን መሰሉን ጀልባ አንድ ኢንች ያህል ወደ ውሃ ያሰምጠዋል። 1,000 ወይም 1,100 ጋሎን የሚይዝ፣ ነዳጁ ሲያልቅ ጀልባው ወደ ፊትም ወደ ኋላም እንዳያዘነብል በክብደቱ መሃል አካባቢ የተቀመጠ፣ ውስጡም ነዳጁ ወዲያ ወዲህ እንዳይጋጭ በግድግዳዎች የተከፋፈለ ታንክ ይጠይቁ።

ማማውን በተመለከተ በአጭሩ ልናገር። ዓሣ ከሩቅ ለማየት ይጠቅማል፤ ክብደቱ ግን በጣም ከፍ ብሎ ስለሚቀመጥና ሰውም ስለሚወጣበት፣ ከጎን ማዕበል ሲመጣ የጀልባውን መወዛወዝ ያበዛል፣ ነፋስም ይይዛል። ቱናና ማርሊን በአብዛኛው በመጎተት ለሚያጠምድ ሰው አስፈላጊነቱ ትንሽ ነው። ከፈለጋችሁት ጀልባው ሲነደፍ ጀምሮ ይታሰብ፤ ‘በኋላ እንጨምረዋለን’ የሚለው ሐሳብ አይጠቅምም። በማሽከርከር መወዛወዝን የሚቀንሰው ጃይሮ የሚባለው መሣሪያም እንዲሁ ነው። ጀልባው ቆሞ ወይም በዝግታ ሲሄድ በእርግጥ ሰው ያሳርፋል፣ ከጎን ወደ ጎን መወዛወዙን ይቀንሳል እንጂ ከፊት ወደ ኋላ መናጡን አይከለክልም፤ ከኋላ የሚገፋ ማዕበል ላይ መሪ አይሆንም። ለእሱ የሚሆን ጠንካራ መሠረትና የኤሌክትሪክ ኃይል ከመጀመሪያው እንዲዘጋጅ ያድርጉ።

የባለቤትዎን ስጋት በቀላሉ የማልፈው አይደለም፤ ምክንያት አላት። ይሁን እንጂ ዛሬ በዋንቺዝ፣ በማንቲዮ ወይም በቦፈርት የሚሠራው ጀልባ በድሮው ዘዴ ሳንቃ በአጥንት ላይ ተመትቶ፣ ስንጥቁ በጥጥ የሚደፈን አይደለም። መጀመሪያ ቀፎው በግልባጭ የሚሠራበት የእንጨት ቅርጽ ይቆማል፤ በላዩ ላይ ከመካከለኛው አፍሪካ የሚመጣው ኦኩሜ የተባለው ቀላል እንጨት የባሕር ኮምፔንሳቶ ሆኖ፣ ወይም ሌላ ሳንቃ፣ በበርካታ ንብርብር ይለጠፋል፤ አንዱ ንብርብር በሌላው ላይ በሰያፍ ያርፋል። ማጣበቂያው ኢፖክሲ ነው። ከዚያ ውጩ በፋይበርግላስ ጨርቅና በኢፖክሲ ይሸፈናል፤ ቀፎው ይገለበጣል፤ ውስጡም በኢፖክሲ ይታሸጋል። በዚህ መንገድ የተዘጋ እንጨት ውሃ ካልነካው አይበሰብስም። ለክብደቱ ጠንካራ ነው፣ የሞተሩንና የማዕበሉን ድምፅ ይውጣል፣ ከዓመት ዓመት የሚደርስበትን መታጠፍም በደንብ ይሸከማል።

ውሃ የሚነካው በቀዳዳ ነው። ባለቤቱ ወይም መሣሪያ የሚገጥም ቴክኒሻን ለመብራት፣ ለዓሣ ዘንግ መያዣ ወይም ለዕቃ ማሰሪያ ትራፓኖ አንሥቶ ሲበሳ፣ ቀዳዳውንም ሳያሽግ ብሎን ሲያስር፣ የጨውና የዝናቡ ውሃ በዚያ ገብቶ ዓመታት ሳይታይ ይሠራል። ጥንቃቄ ያለው ሠሪ ቀዳዳውን አስፍቶ ይበሳል፣ በተጠናከረ ኢፖክሲ ይሞላል፣ ከደረቀ በኋላ በመሃሉ ዳግም ይበሳል፤ ብሎኑ እንጨቱን ፈጽሞ አይነካም። ሠሪውን ሲጎበኙ ይህን እንዴት እንደሚሠራ ያሳይዎት፤ ጀልባው የእርስዎ ከሆነ በኋላም ማንም ሰው ከዚህ ሌላ እንዳይበሳው ይከልክሉ። የባለቤትዎ ስጋት በእርግጥ የሚፈጸመው ይህ በተዘነጋበት ጀልባ ላይ ነው።

የፋብሪካው ፋይበርግላስ ጀልባ የራሱ ታሪክ አለው። ዊሊስ ስሌን የተባለው የሰሜን ካሮላይና ሰው እ.ኤ.አ. በ1959 በሃይ ፖይንት ከተማ ሐተራስ የተባለውን ፋብሪካ አቋቁሞ፣ በማግስቱ ዓመት 41 ጫማ የፋይበርግላስ ማጥመጃ ጀልባ ሲያወጣ፣ ሐሳቡ ያንኑ አስቸጋሪ ባሕር የሚችል፣ ግን በቅርጽ ተደጋግሞ የሚመረት ጀልባ መሥራት ነበር። ሐሳቡ ሠርቷል። የፋይበርግላስ ቅርጽ ራሱ ብዙ ገንዘብ ስለሚፈጅ፣ ወጪው የሚመለሰው ብዙ ቀፎ ሲወጣበት ብቻ ነው፤ አንድ ጀልባ ለአንድ ሰው ሲሠራ እንጨቱ የሚመረጠውም ከዚሁ የተነሣ ነው። የፋብሪካ ጀልባ ዋጋው አስቀድሞ ይታወቃል፣ ቶሎ ይደርሳል፣ የመለዋወጫው ክፍል ቁጥር አለው፣ ተመሳሳዩን ጀልባ ለዓመታት የነዱ ሰዎች ስላሉ ጉድለቱም ይታወቃል። በልክ የተሠራው ክብደቱ ቀለል ይላል፣ ለእርስዎ መተላለፊያና ለእርስዎ አጠቃቀም ይስማማል፣ የተከበረ ሠሪ ስም ካለበትም ሲሸጥ ዋጋውን ይይዛል። ስሙ ያልታወቀ ሠሪ ጀልባ ግን ምንም ያህል ቢያምር ገዢ ለማግኘት ዓመታት ሊጠብቅ ይችላል።

ከሁለቱ አንዱን ምረጥ ካሉኝ፣ ለኦሪገን ኢንሌት በልክ የተሠራውን እመርጥልዎታለሁ፤ ግን በሁለት ሁኔታ። አንደኛ፣ ቀፎው ሠሪው ከዚህ በፊት ደጋግሞ የሠራው መሆን አለበት። ‘ለእናንተ ብዬ አዲስ ነድፌያለሁ’ የሚል ሠሪ፣ ሙከራው በእናንተ ገንዘብ የሚካሄድ ነውና ይቅርባችሁ። ሁለተኛ፣ ከ24 ጫማ በቀጥታ ወደ 57 ጫማ መዝለል አይመከርም። በሁለቱ የወረፋ ዓመታት ውስጥ ለአንድ ሙሉ የበጋ ወቅት ልምድ ያለው ካፒቴን ቀጥራችሁ በኪራይ ጀልባ ላይ እናንተ መሪውን ይዛችሁ ተማሩ፤ ወይም ከ10 ዓመት በላይ ያገለገለ በልክ የተሠራ ጀልባ ገዝታችሁ ተጠቀሙበት። ከዚያ በኋላ ምን ዓይነት የማጥመጃ ወለል፣ ስንት አልጋ፣ የት የሚቀመጥ በረዶ ቤት እንደሚያስፈልጋችሁ ራሳችሁ ለሠሪው ትነግሩታላችሁ። ያገለገለውን ጀልባ ገዝታችሁ ስትወዱትም አዲሱ ሊቀር ይችላል፤ እኔ ይህን እንደ ውድቀት አላየውም።

ሠሪውን ሲመርጡ ያለቀውን ጀልባ ከማድነቅ ያላለቀውን ይመርምሩ። ወለሉ ገና ሳይዘጋ ከሆዱ ሥር ያሉት ረጃጅም ተሸካሚ ወጋግራዎች የት እንደሚያልቁ፣ የሽቦና የቧንቧ መተላለፊያው መለያ ተጽፎበት እንደሆነ፣ ሥርዓቱ የአሜሪካን የጀልባዎች ምክር ቤት መመዘኛ ተከትሎ እንደሆነ ይጠይቁ። ባለቤቶችን ሲያነጋግሩ ጀልባቸውን ትናንት የተረከቡትን ትተው አምስትና ስድስት ዓመት የነዱትን ይፈልጉ፤ ከእነሱም ይልቅ በጀልባው ላይ የሚሠራውን ካፒቴንና ረዳቱን ያነጋግሩ። ሠሪው ስልክ የሚያነሣው ከመረከብ በፊት ብቻ ነው ወይስ ከመረከብ በኋላም የሚለውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

የገንዘቡን ነገር እስከ አሁን ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። አዲስ አበባ ላይ ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ክፍያው ከሥራው ቀድሞ ከሄደ ሥራው ይተኛል። በጀልባ ላይ አደጋው የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ውሉ በጥንቃቄ ካልተጻፈ፣ ሠሪው ቢከስር በግማሽ የተሠራው ቀፎ የእርስዎ መሆኑ ቀርቶ እርስዎ ከሌሎች ባለ ገንዘቦች ጋር የሚሰለፉ ተራ ገንዘብ ጠያቂ ሊሆኑ ይችላሉ። ይህ ባዶ ፍርሃት አይደለም። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ከ100,000 ዶላር በላይ በሆነ የጀልባ ዋጋ ላይ 10 በመቶ የቅንጦት ግብር ሲጣል ብዙ ሠሪዎች ሠራተኛ በትነዋል፤ ግብሩ እ.ኤ.አ. በ1993 እስኪሰረዝ ድረስ የዘጉም ነበሩ። እ.ኤ.አ. ከ2008 የገንዘብ ቀውስ በኋላም ተመሳሳይ ነገር ታይቷል። ጥሩ እጅ ያለው ሠሪ ሁሉ ጥሩ ሒሳብ ያዥ አይደለም።

ስለዚህ የባሕር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ ይያዙ፤ የንግድ ሱቅ ውል የጻፈልዎት ጠበቃ ለዚህ አይበቃም። በውሉ ላይ እያንዳንዱ ክፍያ በተከፈለ ጊዜ የቀፎው፣ የሞተሮቹና በእናንተ ስም የተገዙት ዕቃዎች ባለቤትነት ወደ እናንተ እንደሚተላለፍ ይጻፍ፤ መብታችሁም በግዛቱ መዝገብ ይመዝገብ። ሞተሮቹን ከአከፋፋዩ በቀጥታ በስማችሁ መግዛት ይቻላል፤ የመለያ ቁጥራቸው በውሉ ይግባ። ክፍያው በቀን መቁጠሪያ ሳይሆን በሥራ ደረጃ ይሁን፦ ቀፎው ሲገለበጥ፣ ሞተሮቹ ሲገቡ፣ ቀለሙ ሲያልቅ፣ የባሕር ሙከራው ሲፈጸም። እያንዳንዱን ደረጃ ከሠሪው ጋር ግንኙነት የሌለው የጀልባ መርማሪ ያረጋግጥ፤ ሳምስ ወይም ናምስ በተባሉት የመርማሪዎች ማኅበራት የታወቀ ይሁን። የመጨረሻው ክፍያ ከበድ ያለ ሆኖ እስከ ባሕር ሙከራው ማብቂያ ይቆይ። ጀልባው በግንባታ ላይ ሳለ ቢቃጠል ወይም ዐውሎ ነፋስ ቢያገኘው የሚሸፍነው ዋስትና የእናንተንም ስም ይያዝ። ለውጥ ስታዙ፣ ትንሽም ብትሆን፣ ዋጋዋና የምታስከትለው ቀን በጽሑፍ ተፈርሞ ይሁን፤ ጠብ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በወደብ ላይ በቃል ከተጣለ ትእዛዝ ነው።

ዋጋው ሲነገራችሁም የማቆያውን አስቡ። ብዙ ባለቤቶች ለማረፊያ፣ ለዋስትና፣ ለጥገናና ለሠራተኛ ከጀልባው ዋጋ አንድ አሥረኛ ያህሉን በየዓመቱ ይመድባሉ፤ ነዳጁ ከዚያ ውጭ ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር ባለቤትዎ ፊት አስቀምጡት፤ ገና ከጅምሩ ከእሷ የተደበቀ ወጪ እንዳይኖር።

እንግዳ በክፍያ ማውጣት ከፈለጋችሁ ነገሩ ይለወጣል። እስከ ስድስት ከፋይ ተሳፋሪ ለማውጣት ካፒቴኑ የባሕር ጠረፍ ጠባቂው ፈቃድ ሊኖረው፣ በመድኃኒት ምርመራ ፕሮግራም ውስጥ ሊካተት፣ ጀልባውም በዚህ ሥራ የተመዘገበ ሊሆን ይገባል። በአሜሪካ የተሠራ ጀልባ መሆኑ ለምዝገባው ይረዳልና የሠሪውን የምስክር ወረቀት ከመጀመሪያው ይጠይቁ። ቱናና ማርሊን የሚያጠምድ ጀልባ የፌዴራሉ የባሕር ዓሣ አስተዳደር የሚሰጠው ፈቃድ ሊኖረው ያስፈልጋል፤ ለመዝናኛ የሚሰጠውና ለኪራይ የሚሰጠው የተለያዩ ናቸው። የግል ዋስትና የኪራይን ሥራ አይሸፍንም።

ከባልንጀራዎ ጋር የንግድ ድርጅት አቋቁማችሁ፣ ማን በየትኛው ሳምንት እንደሚወጣ፣ አንዱ መውጣት ቢፈልግ ድርሻው እንዴት እንደሚገመት፣ ጥገናው በማን ፈቃድ እንደሚታዘዝ ጻፉ። በማደያው ሥራ የተስማማችሁ በመሆናችሁ ይህን አታቅሉት፤ ማደያው ገንዘብ ያስገባ ነበር፣ ጀልባው ያወጣል።

ስለ ቀብዱ፦ እስከ ወሩ መጨረሻ ባትከፍሉ የምታጡት የወረፋ ቦታ ብቻ ነው። ሠሪው ቀብዱን በጠበቃ አደራ ሒሳብ እንዲያስቀምጥ፣ የባሕር ሙከራውን ባደረጋችሁና ውሉን ጠበቃችሁ ባየው ጊዜ ካልተስማማችሁ ሙሉ በሙሉ እንዲመለስ፣ ይህም በአንድ ገጽ ጽሑፍ እንዲፈረም ጠይቁት። ከተስማማ ክፈሉ፤ ካልተስማማ ቀኑ ይለፍ። በዋንቺዝም ሆነ በቦፈርት ሌሎች ሠሪዎች አሉ።